ተርሚናል ላይ ሚሠራው ቀላሉ ካውንትዳውን ታይመር፦ ወድጄዋለሁ፣ ግን አቆጣጠሩን አስተካክላችሁ ተጠቀሙት

በጣም ትንሽ ስለሆነ ነገር ነው ረዘም አርጌ ምጽፈው። ተርሚናል (ኮማንድ እየጻፋችሁ ኮምፒውተሩን ምታዙበት መስኮት) ላይ ደቂቃ ትነግሩታላችሁ፣ አንድ መስመር ላይ ወደ ታች እየቆጠረ ይሄዳል፣ ዜሮ ሲደርስ ይጮሃል፣ በቃ። ባሽ (ተርሚናል ላይ ምትጽፉትን ኮማንድ ሚያስኬደው ፕሮግራም) የነካካ ሰው አንዱን ቅጂ የሆነ ፎልደር ውስጥ አያጣውም፣ ሉፕ (ያንኑ ሥራ ደጋግሞ ሚያስኬድ ኮድ) ሲማሩ ከሚጻፉት የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ እሱ ነው፣ ምናልባት ለዛም ይሆናል እንደ ቁምነገር አይቶ ሚገመግመው ሰው የጠፋው። እኔ ግን ሥራ ላይ ሁሌ ምጠቀመው ዕቃ ስለሆነ ጥሩ ጎኑንም ጉድለቱንም በደንብ ላውራው።

መጀመሪያ ለምን እንደሚያስፈልግ። ስልክ ላይ ታይመር አለ፣ እሱማ አለ። ግን ስልክ አንዴ እጅ ከገባ ቴሌግራሙም ቲክቶኩም አብሮ ይከፈታል፣ 25 ደቂቃ አርፌ ልሥራ ያለ ሰው ግማሹ እዛው ይቀርበታል። ብራውዘር ላይ ያሉት ደሞ ኢንተርኔት ይፈልጋሉ፣ ብዙዎቹ ዙሪያቸውን ማስታወቂያ ይደረድራሉ፣ ከዛ በላይ ደሞ ክሮምም ሆነ ፋየርፎክስ ከጀርባ የተደበቀ ታብ ላይ ያለውን ጃቫስክሪፕት ባትሪ ለመቆጠብ ብለው ያዘገዩታል፣ ስለዚህ በደንብ ያልተጻፈ የዌብ ታይመር እናንተ ሌላ ታብ ላይ እያላችሁ ወደ ኋላ ይቀራል። የተርሚናሉ ስክሪፕት (ኮማንዶች የተጻፉበት ፋይል) ግን ኮድ ምትጽፉበት ቦታ እዛው አጠገባችሁ ነው፣ ኔትወርክ ኖረ አልኖረ አይመለከተውም፣ መብራት ቢጠፋ ላፕቶፑ ባትሪ እስካለው ይቆጥራል፣ አካውንት ክፈቱ ኢሜይል አስገቡ አይልም፣ መጠኑም 1 ኪሎባይት አይሞላም። ኡቡንቱ ላይም ማክ ላይም ባሽ ቀድሞ ስላለ ምንም ኢንስቶል አይደረግም፣ ላፕቶፕ የሌለው ልጅም አንድሮይድ ስልኩ ላይ ተርመክስ ሚባለውን የተርሚናል አፕ ጭኖ ያንኑ ፋይል ሳይነካካ ማስኬድ ይችላል። ይሄ ለኔ ትልቅ ነጥብ ነው ምክንያቱም እኛ ጋ ብዙ ልጅ ፕሮግራሚንግ ሚጀምረው ስልክ ላይ ነው።

ውስጡ ምን አለ ካላችሁ፣ አንድ ሉፕ ነው። ስሊፕ ሚባለው ኮማንድ ለ1 ሰከንድ ያስተኛዋል፣ ሲነቃ ከቁጥሩ ላይ 1 ይቀንሳል፣ የቀረውን ስክሪን ላይ ይጽፋል፣ ተመልሶ ይተኛል። ቁጥሩ ወደ ታች እየተደረደረ ስክሪኑን ሳይሞላ እዛው መስመር ላይ ሚቀያየረው ደሞ ካሬጅ ሪተርን በምትባለው ፊደል ነው፣ ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጠው አስኪ ሚባል ዝርዝር ላይ 13 ቁጥር ናት። የጽሕፈት መኪና የነካችሁ አሠራሩን ታውቁታላችሁ፣ መስመሩ ሲያልቅ ጋሪውን በእጅ ገፍቶ ወደ መጀመሪያው መመለስ ነበረ፣ ወረቀቱን ካላዞራችሁት ደሞ አዲሱ ጽሑፍ በድሮው ላይ ይመታል። ተርሚናሉም ልክ እሱን ነው ሚያደርገው፣ ከርሰሩ (መጻፊያ ቦታውን ሚያሳየው ምልክት) ወደ መስመሩ መጀመሪያ ይመለስና በፊተኛው ቁጥር ላይ ይጽፍበታል።

እዚህ ጋ አንድ ትንሽ ነገር አለች። በላዩ ላይ መጻፍ ማለት መደምሰስ ማለት አይደለም። ከ10 ወደ 9 ሲወርድ አዲሱ ጽሑፍ አንድ ፊደል ስለሚያንስ የድሮው ዜሮ እዛው ተለጥፎ ይቀርና ስክሪኑ 90 ይላል። ይሄን ያየ ጀማሪ ስሌቱ የተበላሸ ነው ሚመስለው፣ ስሌቱ ግን ደህና ነው፣ ሁለት አሃዝ አርጎ 09 ብሎ እንዲጽፍ ማድረግ ወይ ደሞ ከጽሑፉ ኋላ እስከ መስመሩ መጨረሻ ደምስስ ሚለውን የተርሚናል ኮድ መጨመር ነው። ደቂቃና ሰከንዱን በሁለት ነጥብ ለይቶ ሁሌ በአራት አሃዝ ሚያሳይ ቅጂ ካገኛችሁ ይሄ ችግር እንደሌለበት እወቁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፣ ይሄን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እሱ ነው። ከሚዞሩት ስክሪፕቶች ብዙዎቹ ሰዓት አይቆጥሩም፣ እንቅልፍ ነው ሚቆጥሩት። 1 ሰከንድ ተኛ፣ 1 ቀንስ፣ 1 ሰከንድ ተኛ፣ 1 ቀንስ። ስሊፕ ግን ቃሉ ቢያንስ 1 ሰከንድ እተኛለሁ ነው እንጂ በትክክል 1 ሰከንድ አይደለም፣ ትንሽ ያልፋል እንጂ አያንስም፣ በዛ ላይ በየዙሩ አዲስ ፕሮሰስ (ሚሮጥ ፕሮግራም) መክፈት አለ፣ ስክሪን ላይ መጻፍ አለ፣ ማሽኑ በሌላ ሥራ ከተጨናነቀ ተራ መጠበቅ አለ። በየዙሩ 5 ሚሊሰከንድ ብቻ ትባክናለች ብላችሁ አስቡ፣ 25 ደቂቃ 1500 ዙር ነው፣ ሲባዛ 7 ሰከንድ ተኩል ይሆናል። ለሥራ ዕረፍት 7 ሰከንድ ምንም አይደለም ልትሉ ትችላላችሁ፣ እስማማለሁ። ግን አሮጌ ላፕቶፕ ላይ፣ ከጀርባ የሆነ ትልቅ ነገር ኮምፓይል እየተደረገ፣ 2 ሰዓት ሚቆጥር ታይመር ከሆነ ነገሩ ይጨምራል፣ ደሞም ሁሌ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው ሚሳሳተው፣ ሁሌ ይዘገያል እንጂ አይቀድምም፣ ስለዚህ ስህተቱ እርስ በርሱ አይጣፋም፣ እየተጠራቀመ ነው ሚሄደው።

ከሱ ሚብሰው ግን ላፕቶፑ ሲተኛ ነው። ሊኑክስ ላይ ክዳኑን ስትዘጉትና ማሽኑ ሰስፔንድ ሲያደርግ ስሊፕ ሚለካበት ሰዓት አብሮ ይቆማል። 20 ደቂቃ ሲቀረው ዘግታችሁ ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ ስትከፍቱት አሁንም 20 ደቂቃ ይቀረኛል ነው ሚላችሁ፣ ስብሰባው ግን ካለቀ ቆይቷል። ይሄ በጣም ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ታይመር አንድ ሥራ ብቻ ነው ያለው፣ ሰዓቱ ሲደርስ ደረሰ ማለት። ያችን ካልቻለ ሌላው ጌጥ ነው።

መፍትሔው ደሞ ሦስት መስመር አይሞላም። ስክሪፕቱ ሲጀምር አሁን ስንት ሰዓት ነው ብሎ ይጠይቅ፣ ሚቆጥረውን ይደምርበትና መጨረሻውን ይያዝ፣ ከዛ በየዙሩ 1 ከመቀነስ ይልቅ መጨረሻው ሲቀነስ አሁን ብሎ ያስላ። እንቅልፉ ትንሽ ቢያልፍ ሚቀጥለው ዙር ራሱ ያርመዋል፣ ላፕቶፑ ተኝቶ ቢነሳ ወዲያው ሰዓቱ ማለፉን አይቶ ይጮሃል። ዴት የሚለው ኮማንድ ሰዓቱን በሰከንድ ይሰጣችኋል፣ ሚቆጥረው እንደ ፈረንጆቹ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እኩለ ሌሊት በግሪንዊች ሰዓት ጀምሮ ነው፣ በኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ማለት ነው። ባሽ 5 ያላችሁ ደሞ ይሄን ቁጥር ሌላ ፕሮሰስ ሳትከፍቱ ኢፖክሰከንድስ ከሚባለው ቫሪያብል ታገኙታላችሁ፣ ማክ ላይ ግን አብሮ ሚመጣው ባሽ የ3.2 ነው በጣም የቆየ፣ እዛ ላይ ስለማይሠራ ዴትን ተጠቀሙ።

እዚህ ጋ ያለቀ ይመስላል፣ አላለቀም። የኮምፒውተሩ ሰዓት ራሱ ሚቀየርበት ጊዜ አለ። እኛ አገር በደንብ ሚታየው አንድ ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስና ሊኑክስ ለሚጭን ሰው ነው፣ ዊንዶውስ ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ሰዓት እንደ አገር ውስጥ ሰዓት ያነበዋል፣ ሊኑክስ ደሞ እንደ ግሪንዊች፣ በኛና በግሪንዊች መሃል 3 ሰዓት ስላለ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትቀይሩ ሰዓቱ 3 ሰዓት ዘሎ ይነሳል፣ ኢንተርኔት ሲያገኝ ነው ሚስተካከለው። አሁን ታይመሩን ኢንተርኔት ሳይኖር አስጀምራችሁ መሃል ላይ ዋይፋይ ቢመጣ ሰዓቱ ባንዴ ይዘላል፣ ታይመሩም ወይ ወዲያው ይጮሃል ወይ 3 ሰዓት ይጨምራል። ለዚህ ሊኑክስ ላይ ያለው ምርጡ መፍትሔ ፕሮክ ፎልደር ውስጥ ያለችው አፕታይም ምትባለው ፋይል ናት፣ ማሽኑ ከተነሳ ስንት ሰከንድ እንደሆነ ነው ምትናገረው፣ የተኛበትንም ጊዜ ትቆጥራለች፣ ሰዓቱን ማንም ቢያስተካክለው ደሞ እሷን አይነካትም። አንድ ቁጥር ከፋይል ማንበብ ነው፣ በቃ። እኔ አሁን ሊኑክስ ላይ ለምጠቀመው እሷን ነው ምመርጠው፣ ማክ ላይ ፕሮክ ስለሌለ እዛ ዴት ይቀጥላል።

ድምፁን በተመለከተ፣ ቀላሉ ስክሪፕት መጨረሻ ላይ የአስኪ 7 ቁጥርን ነው ሚልከው፣ ቤል ምትባለውን። ችግሯ ብዙ ተርሚናል ላይ ድምፅዋ ጠፍቶ መምጣቱ ነው፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ካላበራችኋት ዜሮ ይደርሳል ማንም አይሰማም። ጥሩነቷ ግን ማንም ማያወራው አለ፣ በኤስኤስኤች (በኔትወርክ የሌላ ማሽን ተርሚናል ውስጥ መግቢያ) ሩቅ ያለ ሰርቨር ላይ ገብታችሁ ታይመሩን እዛ ብታስጀምሩት ቤሏ እንደ ማንኛውም ፊደል በኤስኤስኤች ተጉዛ እናንተ ፊት ያለው ተርሚናል ላይ ነው ምትጮኸው። ዴስክቶፕ ኖቲፊኬሽን ሚልከው ኖቲፋይ-ሰንድ ግን ሰርቨሩ ላይ ቢጠራ ለናንተ ምንም አይደርሳችሁም። ስለዚህ ሁለቱንም አድርጉ፣ ቤሏን ከስክሪፕቱ አታውጧት። ተርመክስ ላይ ከሆናችሁ ኤፒአይ የሚባለውን ተጨማሪ አፕ ጭናችሁ ስልኩን ማንዘር ይቻላል፣ ግን አንድሮይድ ባትሪ ለመቆጠብ ከጀርባ ያለ ሥራ ስለሚያስተኛ እንዳይተኛ ሚያደርገውን ዌክሎክ ማብራት እንዳትረሱ። በአማርኛ እንዲናገር ከፈለጋችሁ ደሞ ኢስፒክ-ኤንጂ ሚባለው ጽሑፍ በድምፅ ሚያነብ ፕሮግራም አማርኛ ያነባል፣ ድምፁ የማሽን ድምፅ ነው ማስመሰል የለም፣ ግን ሰዓት ደርሷል ማለት ይችላል፣ ሙሉ ለሙሉም ያለ ኢንተርኔት።

አማርኛ ካነሳን አይቀር፣ ስክሪፕቱ ላይ "ቀረ፦ 12 ደቂቃ" ምናምን ብላችሁ በግዕዝ ፊደል ብትጽፉ ያለ ችግር ያወጣል፣ ተርሚናሉ ዩቲኤፍ-8 (የግዕዝንም ጨምሮ የየቋንቋውን ፊደል ሚይዘው አሠራር) ከሆነ ማለቴ ነው፣ አሁን አብዛኛው ነው። ግን ጽሑፉን በቋሚ ስፋት ለመደርደር የባሽን ፕሪንትኤፍ (ጽሑፍ ማውጫ ኮማንድ) ከተጠቀማችሁ አምዱ ይንጋደድባችኋል፣ ምክንያቱም ስፋቱን ሚቆጥረው በፊደል ሳይሆን በባይት ነው፣ አንዷ የግዕዝ ፊደል ደሞ 3 ባይት ናት፣ ስለዚህ 4 ፊደል ያለውን ቃል 12 ነው ብሎ ያስባል። ለዚህ ክፍተቱን በእጅ መጨመር ነው ወይ ቁጥሩን ከፊት ጽሑፉን ከኋላ ማድረግ። ሁለተኛው ይሻላል፣ ንጹሕ ነው።

ሌላ ምታናድድ ነገር፣ 08 ብላችሁ ብታስገቡ ብዙ ስክሪፕት ኤረር ይሰጣል። 07 ይሠራል፣ 08ና 09 አይሠሩም። ባሽ ስሌት ውስጥ ከፊቱ ዜሮ ያለውን ቁጥር በስምንት ቤት ነው ሚያነበው፣ በስምንት ቤት ደሞ 8 እና 9 ሚባል አሃዝ የለም። ከቁጥሩ በፊት 10ና የመሰላል ምልክቱን (10#) ብትጨምሩ በአሥር ቤት አንብብ ማለት ነው፣ ይስተካከላል። ይሄን ያላደረገ ስክሪፕት ደራሲው ራሱ ብዙ አልተጠቀመበትም ብዬ ነው ምገምተው።

ከርሰሩን ለውበት ሚደብቁ ቅጂዎችም አሉ፣ ያምራል፣ ግን መሃል ላይ ኮንትሮል ሲ ብላችሁ ብታቆሙት ከርሰሩ እንደተደበቀ ይቀርና ተርሚናሉ የተበላሸ ይመስላል። ትራፕ በሚባለው ኮማንድ ሲግናሉን (አቁም ሚለውን መልእክት) ይዞ ከርሰሩን መልሶ መውጣት አለበት፣ ሲወጣ ደሞ ኢግዚት ኮዱ (በደህና አለቀ ወይስ አላለቀም ሚለው ቁጥር፣ ዜሮ ደህና ማለት ነው) 130 ይሁን፣ አደራ። ለምን መሰላችሁ፣ የዚህ ስክሪፕት ትልቁ ጥቅም ከሌላ ኮማንድ ጋር መያያዙ ነው፣ ታይመር 10 ብላችሁ ሁለቱን ምልክቶች (&&) አስከትላችሁ ባክአፕ ስክሪፕት ብትጽፉ 10 ደቂቃው ሲያልቅ ባክአፑ ይጀምራል። ሐሳባችሁን ቀይራችሁ ታይመሩን ስታቆሙት ግን ባክአፑ መነሳት የለበትም። ትራፑ ከርሰሩን ብቻ መልሶ በዜሮ ከወጣ ሥራው በደህና አለቀ ማለት ስለሆነ ቀጣዩ ኮማንድ ይነሳል፣ ባክአፕ ከሆነ ይሁን፣ ፋይል ሚደመስስ ነገር ከሆነ ግን አስቡት።

ከሌሎቹ ጋር ላወዳድረው። ተርምዳውን ሚባል በፓይተን የተጻፈ አለ፣ በፒፕ (የፓይተን ፕሮግራሞች መጫኛ) ይጫናል፣ ቁጥሩን በትላልቅ ፊደል ስክሪኑ ሙሉ ያሳያል፣ ስፔስ ስትነኩ ፖዝ ያደርጋል፣ መጨረሻ ላይ ጽሑፍ ማሳየትና ብልጭ ድርግም ማለትም ይችላል። ፕሮጀክተር ላይ አርጋችሁ ክፍል ውስጥ ፈተና ለመቁጠር ከሱ ሚሻል አላየሁም። ጽሑፉን በአማርኛ አርጌ በትልቁ ይውጣልኝ ካላችሁ ግን ትልልቁን ጽሑፍ ሚሠራባቸው የፊግሌት ፎንቶች በላቲን ፊደል የተሠሩ ስለሆኑ አይሆንም፣ ከቁጥሩ ጋር ብቻ ኑሩ። ጎ በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የተጻፈ ካውንትዳውን ሚባልም አለ፣ አንድ ፋይል ብቻ ነው፣ ደቂቃና ሰከንዱን ቀላቅላችሁ ትሰጡታላችሁ፣ ስፔስ ፖዝ ነው፣ ኮንትሮል ሲ ካላችሁት ደሞ ቀጣዩን ኮማንድ አያስነሳም፣ ከላይ ያልኩትን ነገር በትክክል ሠርተውታል ማለት ነው። ሰዓት ብትሰጡትም ይቀበላል፣ እስከዚህ ሰዓት ቁጠር ማለት ይቻላል፣ እዚህ ላይ ግን ሚገባው በፈረንጅ ሰዓት ነው፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ከሩብ ለማለት 2 ከ15 ፒኤም ብላችሁ ነው ምታስገቡት፣ 6 ሰዓት መቀነስ አለባችሁ። ስንት ደቂቃ ብቻ ሚጠይቀው ቀላሉ ስክሪፕት እዚህ ጋ ይበልጠዋል፣ 25 ደቂቃ በኛም በነሱም 25 ደቂቃ ናት።

ዊንዶውስ ላይ ያላችሁ ታይምአውት ሚባል ኮማንድ ከሲስተሙ ጋር አለላችሁ፣ በሰከንድ ነው ሚወስደው፣ እስከ 99999 ይቀበላል፣ ማለትም ወደ 28 ሰዓት ገደማ። ማንኛውም ቁልፍ ከተነካ ስለሚያቆም ኖብሬክ ሚለውን መጨመር ይሻላል። ሲያልቅ ግን ዝም ነው ሚለው፣ ድምፅ የለውም፣ በደቂቃም አያሳይም፣ 1500 ሰከንድ እያዩ መቀመጥ ለኔ አይመችም። ዊንዶውስ ላይ ደብሊውኤስኤልን (ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስ ሚያስኬደውን) ጭናችሁ የባሹን መጠቀም ነው ሚሻለው።

እና ለማን ይሆናል? ፖሞዶሮ ለምትሠሩ፣ ማለትም ጣልያኑ ፍራንቼስኮ ቺሪሎ እንደ ፈረንጆቹ በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ ተማሪ እያለ በወጥ ቤት ታይመር ለጀመረው የ25 ደቂቃ ሥራና የ5 ደቂቃ ዕረፍት፣ ሙሉ በሙሉ ይበቃል፣ አፕ አትግዙ። ሰርቨር ለምትጠብቁ ይሆናል። ባሽ ለሚያስተምር ሰው ደሞ ከዚህ ሚሻል ልምምድ የለም፣ ሉፑም ስሌቱም ሲግናሉም ኢግዚት ኮዱም አንድ ትንሽ ፋይል ውስጥ አለ፣ ተማሪው መጀመሪያ እንቅልፍ ሚቆጥረውን ይጻፍ፣ ከስልኩ ስቶፕዋች ጋር ያወዳድረው፣ ከዛ ራሱ ያስተካክለው። ከ5 ስንት ትሰጠዋለህ ብትሉኝ በየቦታው ለሚዞረው 3፣ መጨረሻውን ይዞ ለሚያሰላው ሳላቅማማ 5።

ፖዝ ለምትፈልጉ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ቀላሉ ስክሪፕት የፖዝ ቁልፍ የለውም፣ ግን ኮንትሮል ዜድ ብላችሁ ማስቆምና ኤፍጂ ብላችሁ መመለስ ትችላላችሁ፣ እና እዚህ ጋ ያ ስወቅሰው የነበረው እንቅልፍ ቆጣሪው ያሸንፋል፣ ካቆመበት ቁጥር ነው ሚቀጥለው፣ መጨረሻውን ይዞ ሚያሰላው ግን እናንተ ባቆማችሁት ጊዜም ሰዓቱ ይሄድበታል። ስለዚህ ሁለቱንም በተለያየ ስም አስቀምጧቸው፣ አንዱ ለስብሰባ አንዱ ለሥራ። ሁለቱም ግን ለብቻቸው ፋይል ይሁኑ፣ ባሽአርሲ (ባሽ ሲነሳ ሚያነበው ፋይል) ውስጥ እንደ ፈንክሽን ካስገባችኋቸው ኮንትሮል ዜድ ስትሉ ሚቆመው ስሊፑ ብቻ ነው፣ ሉፑ ይቋረጥና ኤፍጂ ብትሉም ቆጠራው አይመለስም።